በዲስኬቱ ሣጥን ላይ ያረፈው ማግኔት

እኔ ዕቃን በቦታው የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመካ ፈልጌ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው። ዝርክርክ ብሆን ኖሮ ያንን ማግኔት መስኮቱ ላይ ወይም ወለሉ ላይ ጥዬው እሄድ ነበር፤ ማንም ላይ ምንም አይደርስም ነበር። እኔ ግን የሰው ዕቃ ነው፣ ይጠፋል ብዬ ቦታ መረጥኩለት። የመረጥኩለት ቦታ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ጊዜው ዲስኬት የተከበረበት ጊዜ ነው። ላልደረሰበት አንባቢ ልንገር፤ ዲስኬት መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ናት። በውስጧ ቀጭን ቡናማ ክብ አለ፤ ጽሑፉ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፕሪንተር የጽሕፈት ሥራ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ንባብ የተሳሳትኩትን ለማረም ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ስለምንጠቀም በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ቆመው ቆጣሪውን ያዩታል፤ ከዚያ እኔን ያዩኛል።

«ይህ ሣጥንህ ሲከፈት ቆጣሪው ይጋልባል» ይሉኛል።

«ጋሽ ሙሉ፣ የእርስዎ ካውያ እኮ ከኮምፒውተሩ ብዙ እጥፍ ይበላል።»

«ካውያ ሥራው መሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ደግ አደረገ። ያንተው ሣጥን ማንን ሊተኩስ ነው የሚሞቀው?»

ሰውየው ሳያውቁት ትልቅ ጥያቄ ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይሞቃል፤ የሰፈሩ ድመት ክረምቱን ያሳለፈችው በጀርባው በኩል ተኝታ ነው። ለምን እንደሚሞቅ ደግሞ እኔ አውቅ ነበር። አንድ የፊዚክስ መምህር ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ክፍሌ ውስጥ ረስቶት የሄደው አሥራ አንድ ገጽ የመጽሔት ፎቶ ኮፒ ነበረኝ፤ ስለ ስፒንትሮኒክስ ነው የሚያወራው። ሦስት ወር ፈጀብኝ። የገባኝን ያህል እንዲህ ነው። ዛሬ ያሉት የኮምፒውተር ቺፖች የሚሠሩት ኤሌክትሮኖችን በመንዳት ነው። ይነዳሉ፣ ይታገዳሉ፣ ይነዳሉ፣ ይታገዳሉ፤ ግፊያው ሙቀት ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቺፑ ሲያስብ የነበረው ሁሉ ይረሳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚሉት የራሱ የሆነ ዙር አለው፤ ወይ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ታች። (እንደ መንኮራኩር ይዞራል ማለት እንዳልሆነ ጽሑፉ ያስጠነቅቃል፤ እኔም አስጠነቅቃለሁ።) እና ተመራማሪዎቹ ምን አሉ? ሕዝቡን ሁሉ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ከማስሮጥ፣ በቆመበት ፊቱን እንዲያዞር ብናደርገውስ? ጉልበቱ ጥቂት ነው። መብራት ቢጠፋም ፊቱን እንዳዞረ ይቆያል።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ ጋሽ ሙሉ ይህን ስነግራቸው።

«ገና ምርምር ላይ ነው።»

«እንግዲያ ተመራምረው እስኪጨርሱ ያንን ሣጥን አጥፋው።»

እንዲህ እየተባባልን ሳለን መሪጌታ ልሳነወርቅ መጡ።

መሪጌታ ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። የደብሩ አዲስ ሕንፃ ሊመረቅ ስለነበር ምእመናኑ ታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ በምረቃው ዕለት እንዲታደል ወስነዋል። አሮጌው መዝገብ ግን ከአሮጌው ጣሪያ ጋር በዝናብ አልቋል። ማን እንደ ተከለው፣ እነማን እንዳስተማሩበት፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ደወሉ ከየት እንደመጣ፣ ይህ ሁሉ ያለው መሪጌታ ጋ ብቻ ነው።

ለዐይናቸው ሕክምና ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ስለነበር ስምንት ቀን ተመላለሱ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ በእጃቸው እየመሩ ያመጧቸዋል፤ ከዚያ በራፌ ላይ ባለችው በርጩማ ቁጭ ብለው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። መሪጌታ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ጽሑፉ ሃያ ሦስት ገጽ ሆኖ አለቀ። ያለቀው የፕሪንተሩ ቀለም፣ ቶነር የሚሉት፣ ዓርብ ከባሕር ዳር እንደሚመጣልኝ፣ ቅዳሜ ታትሞ እንደሚደርሳቸው፣ ለእሑዱ ምረቃ እንደሚበቃ ነገርኳቸው።

«ተመስገን» አሉ መሪጌታ፤ ሲነሡ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ቀለል አለኝ።» በዚያው ቀን ወደ አገራቸው ተሳፈሩ።

አሁን አንድ ሕጌን ማወቅ አለባችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ በአለቃው ላይ አቤቱታ አስጽፎ ሄደ። በማግስቱ አለቃው ራሱ የስብሰባ ጥሪ ሊያስጽፍ መጣ፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «ያ በኔ ስም የተሰየመው ፋይል ምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ ዲስኬት ላይ ይገለበጣል፣ ከኮምፒውተሩ ይሰረዛል። መሰረዝ ብቻ አይበቃኝም፤ የተሰረዘው ቦታ ላይ ባዶ የሚጽፍ ፕሮግራም አለኝ፤ እሱን ሁለት ጊዜ አስኬደዋለሁ። የመሪጌታንም ገልብጬ፣ ሰርዤ፣ ሁለት ጊዜ አስኬድኩ። ዲስኬቷን ሰማያዊ ሣጥኗ ውስጥ አስገብቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ትክክል አድርጌ አስቀመጥኳት።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ ሙሉ ብቅ አሉ። «እሺ፣ ፊቱን አዞረ ያልከኝ ነገር» አሉ፤ «የሚታይ ነገር የለውም?»

ደስ አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያነበብኩትን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሽ ሙሉ የወደቀ ስፒል የሚለቅሙበት፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ማግኔት አላቸው። እሱን አስመጣሁ። ስፒሎቹን ወረቀት ላይ በትኜ ማግኔቱን ከሥር አንቀሳቀስኩት። ስፒሎቹ ተነሥተው እንደ ማኅሌት ተሰላፊ በአንድ ወገን ዞሩ። «አዩ? ማግኔት ማግኔት የሚሆነው በውስጡ ያሉት እልፍ ስፒኖች ወደ አንድ ወገን ስለዞሩ ነው። ማንም ሳይነዳቸው፣ ያለ መብራት፣ እንደዞሩ ይኖራሉ!» እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደንበኛ ሲጠራቸው ስፒላቸውን ሰብስበው ወጡ። ማግኔቱ ቀረ።

ልዘጋ ስል አየሁት። የሰው ዕቃ ነው። ቦታ ፈለግኩለት። ጠረጴዛው ላይ ልኩ የሆነ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ ሰማያዊው ሣጥን ላይ። እንዲያውም መሐል ለመሐል እንዲሆን በጣቴ ገፋ አደረግኩት።

ረቡዕ ጠዋት ማግኔቱን አንሥቼ ለባለቤቱ መለስኩ። ከዚያ የመሪጌታን ሥራ አንዴ ልየው ብዬ ዲስኬቷን ከተትኩ። ኮምፒውተሩ ዲስኬቷ ገና ያልተዘጋጀች መሆኗን ገልጾ «ላዘጋጃት?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

ያኔ ነው የማግኔቱ ቦታ ፊቴ ላይ የተደቀነው። በዲስኬቷ ቡናማ ክብ ላይ ያለው ጽሑፍ ሌላ ምንም አይደለም፤ ወደዚህና ወደዚያ የዞሩ ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው። ሦስት ወር ያጠናሁት ነገር ይኸው ነው! አገር ውስጥ ይህን ሥራ በእውቀት የሠራው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አውጥቼ ከተትኩ። አራግፌ ከተትኩ። ኮሌጅ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ጸሐፊ ሮጥኩ፤ በእሱ ኮምፒውተር ከትቶ አየና «አዲስ ናት፤ ምንም አልነካትም» አለኝ ሊያጽናናኝ። ስመለስ ጋሽ ሙሉ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ፊቴን አይተው አወጣጡኝ።

«ማግኔቱ ሁለት ፊት አለው አይደለም እንዴ?» አሉ አስበው። «በዚህ ፊቱ ያጠፋውን በዚያ ፊቱ አይመልሰውም?»

አንባቢ ሆይ፣ እንደማይመልስ አውቃለሁ። ለምን እንደማይመልስ ገጽ ጠቅሼ መናገር እችላለሁ። ማግኔቱን እንደገና ተውሼ፣ ገልብጬ ሣጥኗ ላይ አድርጌ አሥር ደቂቃ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ።

አልመለሰም።

አምበር የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ዲስኬቷን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። የተቀመጥኩት ከበሩ ድምፅ ማጉያ አጠገብ መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ ማጉያ ማግኔት አለው። ከኋላዬ ያሉትን ሴትዮ ለምኜ ቦታ ቀየርኩ። ውስጧ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ያስታወስኩት መንገዱን ካጋመስን በኋላ ነው።

ከአምበር በእግር ስሄድ የምናገረውን አጠናሁ። አዲሱ ሕንፃ ከሩቅ ይታያል፤ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ሰዎች ግቢውን ይጠርጋሉ። እሑድ እዚያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው፤ ከመሪጌታ በኋላ ደግሞ የሚናገር የለም። መሪጌታ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እማማ ጥሩነሽ አጠገባቸው ይፈትላሉ።

«የኔታ» አልኩ፤ «ጽሑፉ ጠፍቷል።»

«የቱ ጽሑፍ?»

«የደብሩ ታሪክ። ሁሉም።»

«ሰረቁህ?»

«አልተሰረቅኩም። ማግኔት አስቀመጥኩበት።»

እጃቸውን ዘረጉ። ዲስኬቷን ሰጠኋቸው፤ በጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሱ። «ደህና ናት።»

«ደህና ናት የኔታ።»

«ግን ባዶ ናት።»

«ባዶ ናት።»

የባሰ እንዳይመስላቸው ማስረዳት ጀመርኩ። ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፤ ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ አንድ ነገር ነው፣ ወደ ሌላው ሲዞሩ ሌላ ነገር ነው፤ መብራት ባይኖርም ዙራቸውን አይለቁም፤ ታዲያ ከውጭ የበረታ ማግኔት ሲመጣባቸው... ተደናበርኩ፤ ላቤ መጣ።

«ፈትል ነው በለኛ» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ከእንዝርታቸው ክር ሳብ አድርገው በሁለት ጣት ያዙ። «እንዝርቱ ከቆመ በኋላ ክሩ የተፈተለበትን ዙር ይይዛል። በጨለማ ብትሰጠኝ በጣቴ ዳስሼ በየት በኩል እንደተፈተለ እነግርሃለሁ። በተቃራኒው ብታዞረው ግን ይኸው...» ክሩን በተቃራኒ አሾሩት፤ ላላ፣ ላላ፣ ጥጥ ሆኖ ተበተነ። «ፈታኸው።»

አሥራ አንድ ገጽ። ሦስት ወር። መዝገበ ቃላት።

መሪጌታ ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። «ስምንት ቀን ከአፌ ተቀብለሃል» አሉ። «እኛ ዘንድ ተማሪ የተቀበለውን ሳያሰማ አዲስ አይነገረውም። በል፣ የያዝከውን አሰማ።»

የያዝኩትን ልንገራችሁ። ርእሱ መሐል ላይ፣ በደማቁ፣ በአሥራ ስምንት ቁጥር ፊደል ነበር። ገጽ ሰባት ላይ አንድ አራት ነጥብ ከመስመር ወጥቶ መልሼዋለሁ። የኅዳጉ ስፋት በግራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነበር።

«ታሪኩን» አሉ።

«ታሪኩ... ደብሩ በአንድ ንጉሥ ዘመን...»

«በየትኛው ንጉሥ?»

«ስሙ አራት ፊደል ነው።»

እማማ ጥሩነሽ እንዝርት የወደቀ አስመስለው ጎንበስ አሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን የምስቅበት ጉልበት አልነበረኝም። ሃያ ሦስት ገጽ በጣቶቼ አልፎ አንድም ነገር ውስጤ አልቀረም። የዛሬዎቹ ቺፖች የሚታሙበት ነገር በሙሉ እኔው ላይ ነበር፤ ተነዳሁ፣ ሞቅኩ፣ ስጠፋ ሁሉ ጠፋ።

«እንግዲህ ደብተር አምጣ» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «ጻፍ።»

በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ድምፃቸው እንደ በፊቱ ይፈስሳል፤ ንጉሡን አለፍን (በእርግጥም አራት ፊደል ነው)፤ ድንበሩን አለፍን። ነፍሴ ልትመለስ ስትል ወደ አስተዳዳሪዎቹ ስም ደረስን።

«ከአለቃ ወልደ ሐና ቀጥሎ...» አሉ መሪጌታ። ቆሙ። «ከአለቃ ወልደ ሐና ቀጥሎ...»

እጃቸው መቋሚያቸውን ፈለገ፤ አግኝቶም አላረፈም።

«ከተጻፈ ወዲያ ለቀቅኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ዘመን ይዤው ኖሬ፣ ሣጥኑ ያዘልኝ ብዬ ለቀቅኩት።»

እርሳሱን አስቀመጥኩ። ማክሰኞ ዕለት «ቀለል አለኝ» ያሉት ይህንን ኖሯል። ያጠፋሁት አንድ ቅጂ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለቱንም ነው።

«መምህር ኪሮስ ናቸው» አለ ድምፅ።

ሁለታችንም ዞርን። እማማ ጥሩነሽ ቀና አላሉም፤ ክሩን እያዩ ይናገራሉ። «ከአለቃ ወልደ ሐና ቀጥሎ መምህር ኪሮስ። ዘጠኝ ዓመት። በምሥራቅ በኩል ያለውን ጥድ የተከሉት እሳቸው ናቸው። ኋላ እግራቸውን ታመው ደብረ ኤልያስ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ።»

«አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉ መሪጌታ።

«ከርስዎ ነዋ! ስምንቱን ቀን በሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም? ከዚያስ በፊት ያን ሁሉ ዓመት ለተማሪ ሲያወጉ ጆሮዬን ገበያ ልኬው ነበር?»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ እሳቸው መለሱና «ከመምህር ኪሮስ ቀጥሎ መሪጌታ ዘርዐ ብሩክ» አሉ። አንዱ ስም ሌላውን ጎትቶ አመጣው። ከዚያ ወዲያ እየተቀባበሉ ሄዱ፤ አንዳቸው ሲቆሙ ሌላኛቸው ይቀጥላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። እዚያው አድሬ ሐሙስን ሙሉ እንዲሁ ዋልን።

ሥራው ግን ያለ ክርክር አልሄደም። መሪጌታ ደወሉን ከወንዙ ማዶ አሥራ ሁለት ሰዎች ተሸክመው እንዳመጡት ሲያስጽፉ እማማ ጥሩነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰባት ናቸው።»

«አሥራ ሁለት ናቸው፤ አባቴ ነግሮኛል።»

«አሥራ ሁለት ወጡ፤ አምስቱ ሠርግ ቤት ጠላ ሲጠጡ ቀሩ። የኔ አባት ደግሞ ከሰባቱ አንዱ ነበሩ።»

መሪጌታ ወደኔ ዞሩ። «ሰባት በል። የአምስቱን ስም እንዳትጽፍ፤ ልጆቻቸው አሉ።»

የመጀመሪያው ሕንፃ ሲሠራ ጭቃው የተቦካበትን ውሃ እየተሸከሙ የወጡትን የአራት ሴቶች ስምም እማማ ጥሩነሽ አስገቡ።

«ይህ በፊተኛው አልነበረም» አሉ መሪጌታ።

«በፊተኛው ማን ጠየቀኝ? ወይስ ውሃው በራሱ እግር ወጣ ልንበል?»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጻፍ» አሉኝ።

ዓርብ ተመልሼ በኮምፒውተር ጻፍኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ እኔ ግን በየአረፍተ ነገሩ እያስቀመጥኩ ስለነበር ሁለቴም ምንም አልጎደለብኝም። ሃያ አምስት ገጽ ሆነ። በሦስት ዲስኬት ገለበጥኩት፤ አንዷን ሣጥኗ ውስጥ፣ አንዷን ቤቴ፣ አንዷን እማማ ጥሩነሽ ዘንድ ላስቀምጥ። ቶነሩ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳይባዛ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ አምበር ወረድኩና ደጃፋቸው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እማማ ጥሩነሽ ፊደል አያውቁም፤ እንዝርቱን እያሾሩ ሰሙ። ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዝርቱ ቆመ።

«መምህር ኪሮስን ሰባት ዓመት አልክ። ዘጠኝ ነው።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ዘጠኝ ይላል። የተሳሳትኩት እኔ፣ ገልብጬ ስጽፍ ነው።

ያኑ ዕለት ተመልሼ አርሜ አባዛሁት፤ እሑድ መጽሐፉ ታደለ። መሪጌታ አንዱን ቅጂ ይዘው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለባለቤታቸው ሰጡ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየር ሳብኩ፤ ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ የሳብኩት የመጀመሪያው ሙሉ አየር ያ ይመስለኛል። ስወጣ እማማ ጥሩነሽ አንድ ልቃቂት ክር ሰጡኝ። «ያንን ማግኔት እሰርበት» አሉ፤ «በእጅህ ከምታስቀምጠው ይሰቀል።»

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሙሉ ቆጣሪውን ቆመው እያዩ አገኘኋቸው። ማግኔታቸውን በእማማ ጥሩነሽ ክር አስሬ ከእሳቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ከእኔ ጠረጴዛ አራት ሜትር ከሃያ ይርቃል፣ ለክቼዋለሁ።

«ጽሑፉ ተመለሰልህ ሲሉ ሰማሁ» አሉ።

«ተመለሰ ጋሽ ሙሉ።»

ፊታቸው በራ። «በሌላው ፊቱ! አላልኩህም? አሥር ደቂቃ አንሶት ነው እንጂ!»

አፌን ከፈትኩ። ማግኔት አንዴ ያጠፋውን በሌላ ፊቱ ለምን እንደማይመልስ የሚናገረው ገጽ ስድስት ነው፤ ሁለተኛው አንቀጽ፤ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ጋሽ ሙሉ ግን ማግኔታቸውን እያዩ ፈገግ ብለዋል፤ ቆጣሪውን ረስተውታል።

«እርስዎ ባይነግሩኝ ምን ይውጠኝ ነበር» አልኳቸውና ገብቼ ኮምፒውተሬን አበራሁ። ድመቷ ቦታዋን ያዘች።